የደንጊ ክትባትና አስቀድሞ ያልተጠየቀው ጥያቄ

የደንጊ ቫይረስ አራት ዓይነት ነው። በአንዱ ተይዞ የዳነ ሰው ለዚያው ዓይነት ዘላቂ መከላከያ ቢያገኝም፣ በሌላው ዳግም ሲያዝ ሕመሙ ሊጠናበት ይችላል። ስለዚህ አራቱንም በሚገባ የማይከላከል ክትባት፣ ቀድሞ በደንጊ ላልተያዘ ሰው እንደ መጀመሪያው ሕመም ሆኖ ለጽኑ ሕመም ሊያጋልጠው ይችላል።

ሳኖፊ ፓስተር ያዘጋጀው ዴንግቫክሲያ የሚነቀፈው ይህ ስጋት እየታወቀ በመታለፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው የታይላንድ ሙከራ ሕፃናቱ ለአራቱም ዓይነት አንቲቦዲ ቢያመርቱም የመከላከል አቅሙ 30.2 በመቶ ብቻ ሆነ፤ ዓይነት 2ን አልተከላከለም። የአንቲቦዲ መጠን ብቻውን የመከላከያ ማስረጃ እንዳልሆነ ይህ በቂ ማስጠንቀቂያ ነበር። በ2015 በወጣው የእስያ ክትትል ደግሞ፣ ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም፣ ከ2 እስከ 5 ዓመት ያሉ ተከታቢዎች በሦስተኛው ዓመት በደንጊ ሆስፒታል የገቡት ካልተከተቡት ሲነጻጸሩ ከ7 እጥፍ በላይ ነበሩ። ችግሩ የዕድሜ ነው ተብሎ ክትባቱ ከ9 ዓመት ጀምሮ ተፈቀደ። ከክትባቱ በፊት ደም የተወሰደው ከጥቂቶቹ ብቻ ስለነበር «ቀድሞ ተይዞ ነበርን?» የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኘው በ2017 መጨረሻ ነው። በዚያን ጊዜ በፊሊፒንስ ከ800,000 በላይ ሕፃናት ተከትበው ነበር።

በ2024 የዓለም ጤና ድርጅት ብቁነቱን ያረጋገጠለት የታኬዳው ኩዴንጋ ቅድመ ምርመራን አይጠይቅም። ሆኖም ቀድሞ ባልተያዙ ሰዎች ዓይነት 3ን መከላከሉ አልታየም፤ ስለ ዓይነት 4ም በቂ ማስረጃ አልተገኘም። ድርጅቱ የመከረውም ሥርጭቱ ከፍተኛ በሆነባቸው አካባቢዎች ከ6 እስከ 16 ዓመት ላሉት ነው።

ጉዳዩ ለአገራችን ሩቅ አይደለም። ደንጊ በ2013 በድሬዳዋ በወረርሽኝ መልክ ተረጋግጧል፤ በመተማና በሑመራም ትኩሳት በያዛቸው ታካሚዎች ላይ የቫይረሱ አንቲቦዲ ተገኝቷል። ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ገጠር ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ቆላ የሚወርደው ወጣት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ16 ዓመት በላይ ስለሆነ በዚህ ምክር አይሸፈንም፤ የደጋ ሰው እንደመሆኑም ቀድሞ አለመያዙ ይገመታል። የአንቲቦዲ ምርመራ ቢደረግለት እንኳ ከቢጫ ወባና ከመሰል ቫይረሶች ጋር ሊምታታ ይችላል።

እንግዲህ ክትባቱ ከመምጣቱ በፊት መቅደም ያለበት በሽታውን ማወቅ ነው። ከቆላ ተመልሶ የወባ ምርመራው ነጻ የሆነ ትኩሳተኛ «ታይፎይድ ነው» ተብሎ ብቻ መሸኘት የለበትም። የት እንደከረመ ይጠየቅ፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አይሰጠው፤ የደም ናሙናው ይላክ፤ ጥርጣሬውም ሪፖርት ይደረግ። በፊሊፒንስ ዘግይቶ የተጠየቀው ጥያቄ በእኛ ዘንድ ቀድሞ ሊጠየቅ የሚችለው ይህ መረጃ ከጤና ጣቢያው ሲነሣ ብቻ ነው።