ስማችንን ይጠራሉ፤ ጥያቄያችንን ግን አይመልሱም



እንደሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1996 አቶ አዲሱ መሰለ በአቮዳ ፓርቲ ዝርዝር ክኔሴት ሲገቡ፣ የወገናችን ድምፅ ዋጋ እንዳለው ታይቷል። ከዚያ ወዲህ ምርጫ በመጣ ቁጥር ፓርቲዎች ያስታውሱናል።

ይሁን እንጂ ለአንድ ፓርቲ ቤት ለቤት የምንቀሰቅስ በጎ ፈቃደኞች ቅሬታ አለን። ዋናው ጽሕፈት ቤት በራሪ ወረቀት የሚልክልን ምርጫው ሳምንት ሲቀረው ነው። አማርኛው ከዕብራይስጥ ቃል በቃል የተገለበጠ በመሆኑ ሽማግሌዎቻችን አንብበው «ምን ማለቱ ነው?» ይሉናል። በረቃ ራዲዮ የሚያስነግረውም መፈክር ብቻ ነው፤ ስለ ቤት ችግር፣ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ጎንደር ስለቀሩት ዘመዶቻችን አንድም ቃል የለበትም።

ከሁሉ የከፋው ሌላ ነው። መራጭ ፖስታው ውስጥ የሚከተው የፓርቲው ፊደላት የታተሙበትን ፔቴቅ ነው። ዕብራይስጥ የማያነቡ እናት ፊደሉን አስቀድመው ካላዩት በምን ይለዩታል? በወረቀቱ ላይ ግን የመሪው ፎቶግራፍ ገጹን ሞልቶ ፊደሉ ጥግ ላይ ተሸጉጧል።

ስለዚህ ጽሑፉን ከመታተሙ በፊት ያሳዩን፤ ፊደሉን በጉልህ ያትሙት፤ በራዲዮም ቀርበው የአድማጭ ጥያቄ ይመልሱ። እናንተም ወላጆች፣ ቀስቃሽ ደጃችሁ ሲመጣ፣ እኛም ብንሆን፣ ቡናው እስኪፈላ «ለልጆቻችን ምን ይዛችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ።