ተጠቃሚው ማነው?

አማርኛችን አንዳንዴ ሳያስበው እውነቱን ያወጣል። «ተጠቃሚ» የምትለዋን ቃል እንያት። ሪፖርቱ አንዱ ገጽ ላይ «የአደንዛዥ ዕፅ ተጠቃሚ የሆኑ ወጣቶች ቁጥር አሳሳቢ ደረጃ ላይ ደርሷል» ይላል። ገጹን ስትገልጡት ደግሞ «በፕሮጀክቱ ይህን ያህል ሺህ ወጣቶች ቀጥተኛ ተጠቃሚ ሆነዋል» የሚል ታገኛላችሁ። ልጁ ያው አንድ ልጅ ነው። ጫቱንም ተጠቀመ፣ ሥልጠናውንም ተጠቀመ። ጫቱ እንዳልጠቀመውማ ተስማምተናል፤ ስብሰባም መግለጫም አላጣንበትም። ሥልጠናው ጠቅሞት እንደሆነ የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ አስተምሬያለሁ። ማስተማሩን ከተውኩ ወዲህ «አንተ አማርኛ ይገባሃል፣ እስቲ ይቺን አቅናልን» እያሉ የሚመጡ ወዳጆች በዙ። የሚያመጡት ግጥም ወይም አጭር ልቦለድ እንዳይመስላችሁ። ፕሮፖዛል ነው። ስለ ወጣቶች አእምሮ ጤና፣ ስለ ሱስ፣ ስለ ሕይወት ክህሎት። አንዱን አቃናሁ፣ ሁለተኛውን አቃናሁ፤ አምስተኛው ላይ ስደርስ አንድ ራሱን የቻለ የሥነ ጽሑፍ ዘር እያነበብኩ እንደሆነ ገባኝ። እንግዲህ እንደ ሥነ ጽሑፍ ልተቸው።

መቼት አለው፤ «የፕሮጀክቱ ትግበራ ቦታ» ይሉታል። ገጸ ባሕርይ አለው፤ ዕድሜው ከ15 እስከ 29 ነው፤ የ1996ቱ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ እንደወሰነው። ስም የለውም፣ እናት የለውም፣ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለው አይታይም። «ተጋላጭ» ሆኖ ይገባል፣ «ግንዛቤ ጨብጦ» ይወጣል። ግጭት አለው፤ «የችግሩ መግለጫ» በሚለው ርዕስ ሥር። ጡዘቱ የሦስት ቀን ሥልጠና ነው። መጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ «ዘላቂነት» ይባላል፤ እዚያ ላይ ሁሌም አንድ ዓረፍተ ነገር አለች፦ ፕሮጀክቱ ሲጠናቀቅ ኅብረተሰቡና የሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት ይረከቡታል። ገንዘብ ሰጪው እንደማይሆን ያውቃል፣ ገንዘብ ተቀባዩም ያውቃል፣ ይረከባል የተባለው መሥሪያ ቤትም ያውቃል። ሁሉም ግን ይፈርማል። በአማርኛ ከተጻፈው ልቦለድ ሁሉ ይቺን ዓረፍተ ነገር የሚያህል ፈጠራ አላነበብኩም።

ለምን እንደማይረከበው ለመረዳት የመንግሥት ገንዘብ እንዴት እንደሚወርድ ማየት ይበቃል። የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች ድጎማ ይሰጣል፤ ክፍፍሉን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚያወጣው ቀመር ነው። ክልሎች ደግሞ ከ1994 እና 95 ዓ.ም. ወዲህ ለወረዳዎች በጥቅል ያከፋፍላሉ። ወረዳው በጀቱን ራሱ ይደለድላል። ሐሳቡ ደግ ነው፤ የአካባቢውን ችግር የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ነውና። ነገር ግን ያ ጥቅል ገንዘብ ሲፈታ አብዛኛው ደመወዝ ነው። መምህሩ አለ፣ የጤና ባለሙያው አለ፣ የግብርና ባለሙያው አለ። ከዚያ የተረፈችው ለነዳጅና ለወረቀት ትሆናለች። እኔ ባየኋቸው የወረዳ በጀቶች ላይ «የወጣቶች አእምሮ ጤና» የምትል መስመር አላገኘሁም። ጠልተውት አይደለም። የወረዳው ጤና ኃላፊ የሚገመገመው ስንት እናት በጤና ተቋም ወለደች፣ ስንት ሕፃን ተከተበ፣ ስንት ቤት መጸዳጃ አለው ተብሎ ነው። ያልተጠየቀበትን ነገር የሚበጅት ሹም ከየት ይመጣል?

መስመር ያልተሰጠው ነገር ለፕሮጀክት ይተዋል። ፕሮጀክት ደግሞ ዘመን አለው፤ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት። ችግሩ በሽታው ይህን አያውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ዕድሜ ውስጥ ከሚከሰቱት የአእምሮ ሕመሞች ሲሶው የሚጀምረው ገና ከ14 ዓመት በፊት ነው። በ14 የጀመረው ነገር የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ነው፤ ያውም ትምህርቱን አቋርጦ ሲመጣ። ሱስም እንደዚያው ነው። የተወ ሰው ይመለስበታል፣ ተመልሶ ይተዋል፣ እንደገና ያገረሽበታል። «ማገርሸት» የምትለዋን ቃል አባቶቻችን ያለ ነገር አላወጧትም። ድኗል የተባለው ልጅ በአራተኛው ዓመት ሲያገረሽበት ያ ቀድሞ ያዳመጠው አማካሪ የት አለ? ኮንትራቱ አልቆ ሌላ ፕሮጀክት ውስጥ ገብቷል፤ ምናልባትም የንጹህ ውኃ።

በሌላ በኩል ጫት ቤቱ አለ። እስቲ ልብ በሉ፤ ጫት ቤቱ በየቀኑ ክፍት ነው። ከልጁ ቤት በእግር ይደረሳል። በስሙ ይጠሩታል። ገንዘብ ባይኖረው በዱቤ ይሰጡታል። ፍራሽ አለ፣ ኦቾሎኒ አለ፣ የሚያዳምጠው ሰው አለ፤ ማታ ደግሞ ጨብሲ ይወጣሉ። «የፕሮጀክታችን ዘመን ስለተጠናቀቀ ከዛሬ ጀምሮ አገልግሎት አንሰጥም» የሚል ማስታወቂያ የለጠፈ መቃሚያ ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጸበሉም እንዲሁ ነው። እናት ልጇን ይዛ ወደ ጸበል ስትሄድ «ኋላ ቀር» እያልን የምንተቻት ሰዎች አንድ ነገር እንዘነጋለን፤ እዚያ ስትደርስ በሩ ተከፍቶ ታገኘዋለች። የምክር አገልግሎት የሚል ታፔላ የተሰቀለበት ክፍል ጋ ብትሄድ ግን ቁልፉ የፕሮጀክት አስተባባሪው ጋ ነው፤ አስተባባሪውም የለም። አጠገቡ ያለው የወጣት ማዕከል እንኳ ፑሉና ከረንቡላው አልተዘጋም።

የቀን አቆጣጠራችንም ሳይቀር ያሾፍብናል። ዓለም አቀፉ የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ቀን ሰኔ 19 ነው። የበጀት ዓመታችን የሚዘጋው ሰኔ 30። መሐል ላይ አሥራ አንድ ቀን አለ። ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ እንዳይሆን የሚፈራ መሥሪያ ቤት ምን ያደርጋል? ቲሸርት ያሳትማል፣ ኮፍያ ያሳትማል፣ ባነር ይሰቅላል፣ ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ወርዶ የውሎ አበል ይከፍላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባል ነበር። እኛ በሽታውን በባነር ሰቅለን ነው መድኃኒት ያጣንለት።

እውቀት የለንም እንዳይባል እውቀቱ አለ። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ የቆየው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን እዚሁ አገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. የሚቆይ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ወጣ፤ ከዚያም በኋላ ሌላ ዕቅድ ተከተለው። በሶዶ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ የተካሄደ ሥራ ደግሞ የጤና ጣቢያ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ከሠለጠኑ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች እዚያው በሰፈራቸው ማከም እንደሚችሉ አሳየ። ሕንፃ አላስፈለገም። ስፔሻሊስት በየጤና ጣቢያው አላስፈለገም። ያስፈለገው የሠለጠነ ሰው፣ የማይቋረጥ መድኃኒትና የሚከታተል ተቆጣጣሪ ነው። ስለዚህ ፕሮጀክት ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። ፕሮጀክት መንገድ ያሳያል። ያሳየውን መንገድ መሄድ ግን የመንግሥት ፋንታ ነው፤ መንገዱ ደግሞ የሚኬደው በመደበኛ በጀት ነው።

«እኛ ድሃ ስለሆንን ነው» የሚል ካለ ወደ ሀብታሞቹ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ2022 ዩቫልዴ በምትባል የቴክሳስ ከተማ 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ትምህርት ቤታቸው ውስጥ ተገደሉ። የአሜሪካ ምክር ቤት ደነገጠ፤ ለትምህርት ቤት የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛና መቅጠሪያ 1 ቢሊዮን ዶላር መደበ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2025 ሚያዝያ ላይ፣ አዲሱ አስተዳደር እርዳታው እንደማይቀጥል ለትምህርት ቤቶቹ አስታወቀ። ግዛቶች ፍርድ ቤት ሄዱ። ልጆቹ ግን በዚያው ሳምንት የሚያናግሩት ሰው ይኑር አይኑር ሳያውቁ ሰነበቱ። ገንዘብ አልጠፋም፤ ገንዘቡ የቆመው በስጦታ ላይ ነበር። ስጦታ የሰጪው ነው። ሰጪው ሲቀየር ይቀየራል። በዚያው ዓመት ጥር ወር ያው አስተዳደር የውጭ እርዳታውን በአንድ ትእዛዝ ሲያግድ በብዙ ድሃ አገር ስንት ነገር ባንዴ እንደቆመ ያየን ሰዎች ይህን ለማመን ሌላ ማስረጃ አንሻም።

ደግሞስ ገንዘብ ጠፍቶ ያውቃል? ከ2008 እና 2009 ዓ.ም. ተቃውሞ በኋላ መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 995/2009 የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲያቋቁም 10 ቢሊዮን ብር ነው የመደበው፤ ለሥራ ፈጠራ ብድር። ሥራ ይፈጠር፣ ማን ይጠላል! ነገሩ የሚያስተምረን ግን ሌላ ነው። ጎዳና የወጣ ወጣት በጀት ያስወጣል። ክፍሉን ዘግቶ ግድግዳ ላይ አፍጦ የሚውለው ወጣት ድምፅ የለውም፤ ድምፁን የምትሰማው እናቱ ብቻ ናት፤ እሷም «ምን ይሉኛል» ብላ ለጎረቤት አትናገርም። በጀት ጩኸት እየሰማ የሚሄድ ከሆነ ዝም ያሉት መቼ ተራ ይደርሳቸዋል?

ከየት ይምጣ ለሚለኝ ደግሞ ምንጩ ከዓይናችን ሥር ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አወረደ፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም ከለከለ። ጥሩ አደረገ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ወጣ። ከቢራው፣ ከአረቄው፣ ከሲጋራው የሚሰበሰበው ገንዘብ ወደ ማዕከላዊው ግምጃ ቤት ይገባል፤ እዚያም ከሌላው ጋር ይቀላቀላል። ታይላንዶች እ.ኤ.አ. በ2001 ሌላ መንገድ መረጡ። ከሲጋራና ከአልኮል ኤክሳይስ ታክስ ላይ 2 በመቶ ተጨማሪ አስከፈሉ፤ ያቺን 2 በመቶ በሕግ ለጤና ማበልጸጊያ ፈንዳቸው ሰጧት። አምራቹ ይከፍላል፣ ፈንዱ ይቀበላል። በየዓመቱ ደጅ መጥናት የለም፣ ፕሮፖዛል አቃኑልኝ የለም። ያቆሰለው እጅ ለፋሻው ይከፍላል፤ ፍትሑ ራሱ ግልጽ ነው።

እዚህ ላይ «አገር በጦርነትና በድርቅ እየተፈተነ አንተ ስለ ድብርት ታወራለህ» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ክርክሩ ክብደት አለው። የወባ መድኃኒትና የአእምሮ መድኃኒት አንድ ኪስ ውስጥ ሲጋፉ ወባው ቢቀድም አይገርምም። ሆኖም ጦርነት የሚተወው ፍርስራሽ የድልድይና የትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። ያንን ዘመን በ16 ዓመቱ ያለፈ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ እናስብ። ጠዋት የማይነሳ፣ ማታ የማይተኛ፣ ለመተኛት የሚጠጣ፣ ለመንቃት የሚቅም። ይህን ልጅ «አምራች ኃይል» ብሎ የሚጠራ ዕቅድ መጀመሪያ ከአልጋው የሚያስነሳውን ሰው ሊበጅትለት ይገባል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በየጤና ጣቢያው፣ በተለይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና የወጣት ማዕከል አጠገብ ባለው፣ አንድ የአእምሮ ጤና ነርስ ትኑር፤ ደመወዟ እንደ አዋላጇ ነርስ ከመደበኛው በጀት ይከፈል። ስትለቅ ቦታዋ አይለቀቅ። መድኃኒቱ ጤና ጣቢያው በየጊዜው ከሚጠይቀው መድኃኒት ጋር አብሮ ይጠየቅ። ሪፖርቱም ይቀየር። «ስንት ወጣት ሠለጠነ» የሚለው ይቅርና «ስንቱ ለሁለተኛ ጊዜ መጣ? ስንቱ ለአሥረኛ ጊዜ መጣ? ካገረሸባቸው ውስጥ ስንቱ በሩን ክፍት አገኘ?» ይባል። ተጠቃሚ የሚባለው ያኔ ነው።

ወረዳ ምክር ቤት ወንበር ያላችሁ፣ ወይም ዘመድ ያላችሁ፣ የሚመጣው በጀት ሊጸድቅ እጅ ከመውጣቱ በፊት አንድ ጥያቄ አንሱልኝ፦ «ይህ ነገር ስንተኛው መስመር ላይ ነው?» መልሱ «በፕሮጀክት ተይዟል» ከሆነ አልተያዘም ማለት ነው።