ጀማሪው የሚቆምበት ቦታ

አዳማ ላይ ወጣቶችን ዊኪፔዲያ ማረም ሳሰለጥን "ገባችሁ?" ብዬ አልጠይቅም። ባይገባቸውም ይሉኝታ "ገብቶናል" ያሰኛቸዋል። እውነቱን የምትናገረው ስክሪኑ ላይ የቆመች ጣት ናት። ስለዚህ ሁለት ጓደኛሞችን በአንድ ስልክ አስቀምጬ "ስለ ከተማችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ" እላቸውና ዝም ብዬ አያለሁ። ብቻውን የተቀመጠ ሰው ሐሳቡን ጮክ ብሎ ተናገር ሲሉት ይሸማቀቃል። ሁለት ሲሆኑ ግን አማርኛውን ከኦሮምኛው እየቀላቀሉ ይከራከራሉ፤ ግራ የገባቸው ቦታም ከክርክራቸው ይሰማል።

ቀጥሎ መንስኤውን መለየት ነው። አንዱን ጽሑፍ ከሌላው ለማያያዝ ምልክቱን በእጅ የሚጽፍ ሰው ድርብ ካሬ ቅንፍ ያስፈልገዋል። በአማርኛ ኪቦርድ ቅንፉን ሲፈልግ የቆመውን ሰው ያንኑ ሥራ በኦሮምኛው ዊኪፔዲያ በቁቤ አሞክረዋለሁ። እዚያ ከተሳካለት ያስቸገረው ኪቦርዱ ነው፤ እዚያም ከቆመ ማረሚያው ነው። ዊኪፔዲያን የሚደግፈው ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን በ2009 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በጀማሪዎች ላይ ጥናት ሲያስደርግ እነዚህ ምልክቶች መሰናክል ሆነው ተገኝተዋል። ያለ ምልክት የሚታረምበት መሣሪያ በ2013 እ.ኤ.አ. በስፋት ስለቀረበ ጀማሪን የማስጀምረው በእሱ ነው።

የስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን ሌላ ፈተና አላቸው። አዳማ ናዝሬት፣ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት፣ ባቱ ዝዋይ ተብለውም ይጠራሉ። አዳማ የሚለው ስም በ2000 እ.ኤ.አ. በይፋ ቢመለስም ናዝሬት ከሰው አፍ አልጠፋም። በአንዱ ስም ፈልጎ ያጣ ጀማሪ "ጽሑፉ የለም" ብሎ አዲስ ይጀምራል፤ ነባር አራሚ ደግሞ ድግግሞሽ ነው ብሎ ያሰርዝበታል። ልጁ ምንም አላጠፋም። የጎደለው ከአንዱ ስም ወደ ሌላው የሚወስድ ማዞሪያ ገጽ ነው፤ ፀሐይና ጸሀይ ብለው ለሚፈልጉም እንዲሁ።

አንዳንዱ ጀማሪ ደግሞ አንድ ፊደል ሳይጽፍ የእገዳ መልእክት ይገጥመዋል። ብዙ የሞባይል ተጠቃሚዎች አንድ የኢንተርኔት አድራሻ ሲጋሩ በአንዱ ጥፋት ሌላው ይታገዳል። ይህን ያላወቀ ሰው ጥፋቱ የራሱ መስሎት ይሄዳል፣ አይመለስም።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ችግር ጎን ማን ሊፈታው እንደሚችል እጽፋለሁ፦ ማዞሪያውን እኛው፣ እገዳውን አስተዳዳሪዎች፣ ማረሚያውን የሶፍትዌሩ ሠሪዎች። ይህ ሳይለይ ስልጠና ማብዛት የሶፍትዌሩን ጉድለት ጀማሪው እንዲሸከም ማድረግ ነው።