«አልባ» የተባለው ስያሜ፦ ፕሮቲን ስለማይሆኑ አር ኤን ኤዎች አጠራር የቀረበ ሂስ

በምንኖርባት በቶሮንቶ ከተማ የሚገኘው የሕሙማን ሕፃናት ሆስፒታል ለዘር ሕክምና ታሪክ ሁለት ታላላቅ ግኝቶችን አበርክቷል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሮናልድ ዎርተንና ባልደረቦቹ፣ ከቦስተኑ የሉዊስ ከንክል ቡድን ጎን ለጎን፣ ዱሼን የተባለውን የጡንቻ መመንመን በሽታ የሚያስከትለውን ጅን አገኙ። በ1989 ደግሞ ላፕ ቺ ጹይና ጆን ሪየርደን ከሚሺጋኑ ፍራንሲስ ኮሊንስ ጋር በመተባበር ሳንባን የሚያውከውን የሲስቲክ ፋይብሮሲስ ጅን ለይተው አወጡ። የመጀመሪያው ጅን ከ2 ሚሊዮን በላይ የዲ ኤን ኤ ፊደላት ሲኖሩት፣ ፕሮቲኑን የሚጽፉት ግን 11 ሺህ ያህል ብቻ ናቸው። የቀረው ለምን ተቀመጠ?

ለጥያቄው በቅድሚያ የተሰጠው መልስ ስም ነበር። ሱሱሙ ኦኖ በ1972 ፕሮቲን የማይጽፈውን የዲ ኤን ኤ ክፍል «ጥራጊ» የሚል ትርጉም ባለው የእንግሊዝኛ ቃል ጠራው። ኦኖ ያለ ምክንያት አልተናገረም፤ ፊደሉ ሁሉ አስፈላጊ ቢሆን ኖሮ በየትውልዱ የሚከሰተውን ስሕተት ፍጡር ሊሸከመው እንደማይችል አስልቶ ነበር። ሂሳችን የሚያርፈው በኦኖ ላይ ሳይሆን፣ ግምቱን እንደ ፍርድ በመቀበል ላይ ነው። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ረቭከን በ1993፣ ርዝመቷ 22 ፊደላት ያህል የሆነች አንዲት አር ኤን ኤ ራሷ ፕሮቲን ሳትሆን የሌላውን ጅን መልእክት እንደምታግድ በአንዲት ጥቃቅን ትል ውስጥ አሳዩ። ነገሩ ግን የትል ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ታየ። በ2000 ሌላዋ መሰሏ በሰውም ውስጥ መኖሯ ሲታወቅ የተመራማሪዎች ዓይን ተከፈተ፤ የኖቤል ሽልማቱም በ2024 ተሰጠ።

ከዚያ ወዲህ የተገኘው ዕውቀት የሚናቅ አይደለም። ማይክሮ አር ኤን ኤ 1 እና 133 የተባሉት በልብና በአጥንት ጡንቻ በብዛት ይገኛሉ፤ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም ስለሚፈሱም በዱሼን ሕሙማን ደም ውስጥ መጠናቸው ከፍ ብሎ ይለካል። 208 የተባለችው የተጻፈችው የልብ ጡንቻን ፕሮቲን በሚሠራ ጅን ውስጥ፣ ተቆርጦ በሚወጣው ክፍል ነው፤ እርሷን ያጡ አይጦች ልባቸው ጫና ሲደርስበት እንደ ሌሎቹ አይወፍርም፣ አይጠባሰስም። 21 የተባለችው ደግሞ ጠባሳ በያዘ ልብና ሳንባ ውስጥ ትበዛለች።

እነዚህን በአማርኛ ምን እንበላቸው? በየውይይታችን የሚሰማው «ኮድ አልባ» የሚለው ነው። ነገር ግን በቋንቋችን «አልባ» የሚለው ቃል ጉድለትን ያመለክታል፤ ፍሬ አልባ፣ ወላጅ አልባ እንላለን። በመሆኑም የኦኖን «ጥራጊ» በጓሮ በር መልሰን ማስገባታችን ነው። የያሬድን ዜማ የተማረ ሰው ይህን ስሕተት ባልሠራ ነበር። ከቃሉ በላይ የሚጻፉት ምልክቶች ራሳቸው ቃል አይደሉም፤ ሆኖም ቃሉ የት እንደሚረዝም፣ የት እንደሚሰበር የሚያውቀው መሪጌታ በእነርሱ ነው። ምልክቱን «ቃል አልባ» ብሎ የፋቀ ጸሐፊ ቃሉን ቢያተርፍም ዜማውን አጥፍቷል።

በሌላ በኩል «ገዥ አር ኤን ኤ» እንበል የሚሉ ወገኖችንም አንደግፍም። ፕሮቲን ከማይሆኑት መካከል በፕሮቲን ሥራ ላይ እንደ ግንበኛ የሚያገለግሉ አሉ፤ ሥራቸው ያልታወቀ፣ ምናልባትም ሥራ የሌላቸው ብዙዎች አሉ። ማቃለሉ ፍርድ እንደ ነበር ሁሉ ማግነኑም ፍርድ ነው። ከዚህም በላይ፣ በሀገራችን የብዙ ወጣቶችን ልብ የሚጎዳው ተገቢውን ሕክምና ካላገኘ የጉሮሮ ሕመም የሚነሳው የሩማቲክ በሽታ ነው፤ ለእርሱም የታወቀው መከላከያ ፔኒሲሊን ነው። አዲሱን ዕውቀት ከልክ በላይ የሚያሞግስ ስም ይህን እውነት እንዳያስረሳን እንጠንቀቅ።

ስለዚህ «ፕሮቲን የማይሆን አር ኤን ኤ» የሚለውን እንመርጣለን። ስሙ ረዥም ነው፤ ውበትም የለውም። ይሁን እንጂ የታወቀውን ብቻ ይናገራል፤ ያልታወቀውን ለመርማሪ ይተዋል። ነገ በጎንደር ወይም በጅማ ይህን ትምህርት በአማርኛ የሚያነብ ተማሪ አስቀድሞ የሚያገኘው ስሙን ነው። «አልባ» ብለን ከላክንለት የሚፈልግበት ምክንያት አያገኝም፤ በስደት ያለን ምሁራን ደግሞ ለዚያ ተማሪ በሩን የመዝጋት መብት የለንም።