ኩበቷን የደፋችው የኪርጊዝ ልጅ

ሦስት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም! በማስተምርባት በካማሺ መብራት ጠፍቶ በስልኬ ባትሪ፣ እሱም ሲያልቅ በሻማ አንብቤ ጨረስኩት። ጨርሼም እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩት። ያልነገርኩት ሰው የለም፤ ቡና የምታፈላልንን እህታችንን እንኳ ረከቦቱ ፊት ይዣት ነግሬያታለሁ።

መጽሐፉ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ አባት ሳጥን የወጣ ነው። በደርግ ጊዜ ከሞስኮ በርካሽ ይገቡ ከነበሩት የፕሮግረስ ማተሚያ ቤት መጻሕፍት አንዱ። ጠርዙን ምስጥ ቀምሶታል፣ እንግሊዝኛው ግን እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው። የሞስኮ መጽሐፍ ሲባል እኔ የማውቀው ማርክስንና ሌኒንን፣ ቢበዛ የጎርኪን «እናት» ነበር። ቺንጊዝ አይትማቶቭ የሚባል የኪርጊዝ ሰው በዚህ ምድር ላይ ይኖር እንደነበር እስከ ዛሬ እንዴት ማንም ሳይነግረኝ ቀረ! ሦስት ረጃጅም ታሪኮች አሉበት፤ «ጀሚላ»፣ «ዱይሼን» እና «ደህና ሁን ጉልሳሪ»።

መምህር ነኝና ከ«ዱይሼን» ልጀምር። በአንድ የተራራ መንደር አዲስ ትምህርት ቤት ይመረቃል። ከመንደሩ ወጥታ አካዳሚሺያን የሆነችው አልቲናይ የክብር እንግዳ ናት። ድግስ ሞቅ ብሏል። አንድ ሽማግሌ ፖስተኛ የደስታ ቴሌግራሞች ይዞ መጥቶ፣ ገና የማደርሰው አለኝ ብሎ ሳይገባ ሄደ። ያ ፖስተኛ ዱይሼን ነው፤ የመንደሩ የመጀመሪያ አስተማሪ!

ከዚያ ወደ ኋላ፣ እ.ኤ.አ. ወደ 1924። ዱይሼን የወታደር ካፖርት ለብሶ መጥቶ ልጆቻችሁን ላስተምር ይላል። ራሱ ፊደል እየቆጠረ በመከራ ነው የሚያነበው። መንደሩ ሳቀበት። እሱ ግን የባለጸጋውን ባዶ ጋጥ ጠርጎ፣ ጭድ ጎዝጉዞ ትምህርት ቤት አደረገው። አልቲናይ ያኔ አክስቷ ዘንድ የምታድግ ወላጅ አልባ ናት። ከሴቶቹ ልጆች ጋር ኩበት ለቅማ ስትመለስ በዚያ ጋጥ በኩል አለፈች። ጓደኞቿ ወደ ቤት ሲያቀኑ እሷ ተመልሳ ሮጠች፣ የለቀመችውን ኩበት በሙሉ ለትምህርት ቤቱ ማገዶ ይሁን ብላ ደፋችው፣ ጆንያዋንም ይዛ ፀሐይ ስትጠልቅ እንደገና ለለቀማ ወጣች።

እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ውጭ ወጣሁ። ደጋ ነው ያደግሁት። ጎዶሎ ጆንያ ይዞ ቤት መግባት ምን እንደሚያስከትል ጀርባዬ ያውቃል። አንድ ማዳበሪያ ኩበት ለፊደል መስጠት ምን ያህል ስጦታ እንደሆነ የተረዳ ጸሐፊ ታላስ ሸለቆ ውስጥ፣ ሸከር በምትባል መንደር ተወልዶ ነበር፤ እኔ ግን አላውቀውም ነበር!

ሰውየው ራሱ እሳት የበላው ነው። አባቱን የስታሊን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1938 ገደለው። በጦርነቱ ጊዜ በ14 ዓመቱ የመንደሩ ምክር ቤት ጸሐፊ ሆኖ መርዶ ያደርስ ነበር። የ14 ዓመት ልጅ፣ መርዶ ነጋሪ! «ጀሚላ» ውስጥ ያ የጦርነት ጊዜ መንደር አለ። የጀሚላ ባል ከግንባር ደብዳቤ ይጽፋል፤ ሰላምታው ከሽማግሌዎቹ ጀምሮ ዘመድ ወዳጁን ሁሉ በተራ ያዳርስና የእሷ ስም መጨረሻ ላይ በአንዲት መስመር ይመጣል። የአገራችንን የድሮ ደብዳቤ ያነበበ ሰው ይቺ መስመር ምን ያህል እንደምታቃጥል አይጠፋውም። የባሏን ታናሽ ወንድምም በስሙ አትጠራውም፣ «ትንሹ ልጅ» ነው የምትለው። ኦሮሞ ጎረቤቶቻችን ላጉ የሚሉትን ወግ ኪርጊዝ ተራራ ላይ አገኘሁት! ፈረንሳዊው ገጣሚ ሉዊ አራጎን ከዓለም የፍቅር ታሪኮች ሁሉ ያማረው ይህ ነው ብሎ መስክሮለታል። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ።

ጉልሳሪ ደግሞ ፈረስ ነው። እንግሊዝኛው ስለ አረማመዱ ሲያስረዳ ብዙ ይደክማል፤ አማርኛ ግን በአንድ ቃል ይጨርሰዋል፤ ሰጋር። ያቺን ቃል በእርሳስ ኅዳጉ ላይ ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ። እንግሊዝኛ እዚህ ድልድይ ነው እንጂ ማደሪያ አይደለም። ይህን መጽሐፍ በአማርኛም በጉሙዝኛም ማንበብ እፈልጋለሁ፣ ዛሬውኑ!

እስከዚያው ለተማሪዎቼ በቃል እየተረጎምኩላቸው ነው። ኩበቱ ላይ ስደርስ አንዲት የጉሙዝ ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ በትከሻዋ ነው የተሸከመችው?» አለችኝ። የእናቶቿን አሸካከም ማለቷ ነው፤ ትከሻ ላይ በተጋደመ እንጨት ግራና ቀኝ የተንጠለጠለ ሸክም። በጆንያ፣ በጀርባዋ ነው አልኳት። «ይከብዳል» አለች።

አሁን ታሪኩ ውስጥ ያለው ወንዝ ላይ ደርሰናል። ዱይሼን በባዶ እግሩ በረዶ በሆነ ውሃ ውስጥ ገብቶ አንዱን ልጅ በጀርባው፣ ሌላውን በክንዱ አድርጎ ያሻግራል፤ በፈረስ የሚያልፉት ባለጸጎች ይስቁበታል። ትናንት ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ስላደረ ከማዶ የሚመጡት አራቱ ተማሪዎቼ አልመጡም። የቀሩት ልጆች ያለ እነሱ እንዳላነብ ለመኑኝ፣ እኔም ገጹን አጥፌ እየጠበቅኋቸው ነው።