መጽሐፉን የሚፈታው ማን ነው? የንጽጽር ስልታችን በጎጃም ሚዛን

ክርስትናን በሚመረምሩ ሙስሊም ጸሐፍት ዘንድ አንድ የተለመደ ስልት አለ፤ የመጽሐፍ ቅዱስን አንቀጾች እርስ በርስ ማጋጨትና የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት «በመጽሐፉ የለም» ብሎ መዝጋት። ከስልቱ ዋነኛ ምንጮች አንዱ የረሕመቱላህ አል-ከይራነዊ «ኢዝሃሩል ሐቅ» ነው። አል-ከይራነዊ በ1854 እ.ኤ.አ. በአግራ የተከራከሩት ከፕሮቴስታንቱ ሚሲዮናዊ ከካርል ፋንደር ጋር ነበር። ፋንደር የእምነቱን ሥልጣን በመጽሐፉ ላይ ስላቆመ፣ መጽሐፉን መመርመር ተገቢ መልስ ነበር። ችግሩ ያንኑ መልስ ሳንለውጥ ወደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ስናመጣው ነው።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ያለው ካህን ሥልጣንን ከንባቡ ብቻ አይቀዳም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን 81 መጻሕፍትን ትቀበላለች፤ ከእነዚህም መካከል እንደ ሲኖዶስና ዲድስቅልያ ያሉ የሥርዓት መጻሕፍት ይቆጠራሉ። ፕሮቴስታንቱ «ትውፊት» ብሎ ከመጽሐፍ የሚለየው፣ እዚህ ከቀኖናው ውስጥ ይገኛል ማለት ነው። ንባቡም ያለ ትርጓሜ አይቆምም፤ አንዱ ቃል «አንድም» እየተባለ በብዙ መንገድ ይፈታል፣ ተማሪውም ፍቺውን ከየኔታው አፍ ይቀበላል። ኪታቡን ከሸይኹ ፊት ቀርቶ ኢጃዛ የሚቀበል ደረሳ ይህን ሰንሰለት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

ይህ ማለት ግን ትውፊቱ ክርክር የለበትም ማለት አይደለም። ጎጃም የቅባት ትምህርት ዋነኛ ምድር ነበረች። የሐዋርያት ሥራ 10፥38 እግዚአብሔር ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ እንደ ቀባው ይናገራል። ቅባቶች ሥጋ የባሕርይ ልጅነትን ያገኘው በመቀባቱ ነው ሲሉ፣ ካሮች በተዋሕዶ ነው አሉ። ንባቡ አንድ ነው፤ ሁለቱም ወገኖች የአባቶችን ምስክርነት ጠሩ። ስለዚህ ጥያቄው «መጽሐፍ ወይስ ትውፊት?» መሆኑ ቀርቶ «ትርጓሜውን የሚዘጋው ማን ነው?» ሆነ። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የዘጉት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ነበሩ፤ ተዋሕዶ ጸና፣ የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ።

ለእኛ ይህ የጎረቤት ክርክር ብቻ አይደለም። ከዚያው ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዙ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ሸይኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር ግን ተቃውሞ መሩ። ትርጓሜን በዙፋን የዘጋው እጅ የሌላውንም እምነት ለመዝጋት አልዘገየም። ሚዛኑን ወደ ራሳችን ስናዞረውም ሚሕናን እናገኛለን፦ በ218 ዓመተ ሂጅራ ኸሊፋ አል-መእሙን ቁርኣን ፍጡር ነው የሚለውን አቋም በዑለማእ ላይ ጫነ፤ ኢማም አሕመድ ኢብኑ ሐንበልም እምቢ ብለው ታሰሩ።

ይህ ትችት «ኢዝሃሩል ሐቅ»ን ለማሳነስ አይደለም። አል-ከይራነዊ ተከራካሪያቸውን በቆመበት ቦታ አገኙት፤ እኛ ግን የጎጃሙን ካህን ባልቆመበት ቦታ እንፈልገዋለን። ሙግታችን እንዲደርሰው ከፈለግን ቁጥር ከማጋጨት አልፈን ሃይማኖተ አበውንና አንድምታውን ማንበብ ይገባናል። በቡሬ ገበያ አብረን ለምንውል ሕዝቦች ይህ የዕውቀት ብቻ ሳይሆን የፍትሕ ጉዳይ ነው፤ ቁርኣንም በሱረቱል ማኢዳህ ቁጥር 8 ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን ያዘናል።