ተሳቢ፦ ከታንክ ጭነት እስከ ተፈናቃይ መጠለያ

ተሳቢ የራሱ ሞተር የሌለው፣ በሌላ ተሽከርካሪ እየተጎተተ የሚሄድ ባለጎማ ጭነት ተሸካሚ ነው። በኢትዮጵያ መንገዶች በብዛት የሚታየው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ራሱ ጭነት ከያዘ መኪና ኋላ በመጎተቻ ብረት የሚታሰር፣ ከፊትም ከኋላም ጎማ ያለው ሙሉ ተሳቢ ሲሆን፣ መኪናውና ተሳቢው አንድ ላይ 400 ኩንታል ገደማ ያነሣሉ። ሁለተኛው የፊት ወገኑን በጎታቹ ጀርባ ላይ የሚያሳርፍ ከፊል ተሳቢ ነው። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ተነሥተው በመቂ በኩል ወደ ባቱ፣ ሻሸመኔና ሀዋሳ የሚወርዱት ከባድ መኪኖች ሁለቱንም ዓይነት ይጎትታሉ።

ተሳቢን ከተራ የጭነት መኪና የሚለየው ትልቁ ነገር መፈታቱ ነው። የጭነት መኪና ጭነቱ እስኪራገፍ ከነሞተሩና ከነሹፌሩ ይታሰራል። ተሳቢው ግን ከነጭነቱ ቆሞ ይቀራል፤ ጎታቹ ሌላ ይዞ ይመለሳል። በጦር ሜዳም ሆነ በአደጋ ጊዜ የሚያጥረው ብዙ ጊዜ ካሶኔ (የጭነት ሳጥን) ሳይሆን ሞተርና ሹፌር ስለሆነ፣ ይህች ትንሽ የምትመስል ጥቅም ከሌሎቹ ሁሉ ትበልጣለች። በአገር ውስጥ ግን በአግባቡ ሲሠራበት የሚታየው አልፎ አልፎ ነው። ጎታችና ተሳቢ እንደ ባልና ሚስት ተቆራኝተው መጋዘን በር ላይ ተራ ሲጠብቁ ይውላሉ።

ከባድ ነገርን በመንኮራኩር መጎተት ለኢትዮጵያ ጦር የቆየ ሥራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያስሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስወሰዱት በሠረገላ ላይ፣ በሰው ጉልበት እየተሳበ ነበር። 70 ኩንታል ገደማ ለሚመዝነው ብረት አስቀድሞ መንገድ መጥረግ ያስፈልግ ስለነበር ጉዞው ወራት ፈጀ። የጅዳና የበሽሎ ሸለቆዎች ላይ ሲደረስ ችግሩ የመሳብ ብቻ አልነበረም፤ ቁልቁለቱ ላይ እንዳያመልጥ ወደ ኋላ መያዝም ነበረበት። የዛሬ የተሳቢ ሹፌርም ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱን ይፈራል።

የዘመናዊ ጦር ተሳቢ ዋና ጭነት ታንክ ነው። ቲ-55 ታንክ 36 ቶን ገደማ ይመዝናል። በራሱ ሰንሰለት ረጅም መንገድ ቢነዳ ሰንሰለቱና ሞተሩ ውጊያ ሳይጀመር ያልቃሉ፤ ነዳጁም አይጣል፣ አስፋልቱም ይታረሳል። ስለዚህ ወለሉ ዝቅ ባለ ተሳቢ፣ ሹፌሮች ሎቤድ በሚሉት፣ ተጭኖ እስከ ግንባር አቅራቢያ ይደርሳል። የአሜሪካ ጦር ኤም-1000 የተባለው ከፊል ተሳቢ 70 ቶን ለማንሣት 40 ጎማ ተሠርቶለታል። የጎማው ብዛት ለጌጥ አይደለም፤ ክብደቱ በብዙ ቦታ ካልተከፋፈለ መንገዱም ድልድዩም አይችለውም።

ከታንኩ ኋላ የሚከተሉት ትንንሾቹ ተሳቢዎች ብዙ አይወራላቸውም፤ ያለ እነርሱ ግን ጦር ሦስት ቀን አይውልም። የውሃ ታንክ፣ ጄኔሬተር፣ የጥገና ዎርክሾፕና ወጥ ቤት በተሳቢ ላይ ይሠራሉ። ሶቪየት ሠራሹ ኬፒ-125 የመስክ ወጥ ቤት ለ125 ሰው ያበስላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጂፕ ኋላ የምትጎተተው የሩብ ቶን ተሳቢ ወንዝ ስትሻገር እንድትንሳፈፍ ተደርጋ የተሠራች ነበረች። ለአደጋ ጊዜ ሥራ ከታንክ ጫኙ ይልቅ የሚጠቅመው የእነዚህ ቤተሰብ ነው።

የተሳቢ ሹፌር ሙያ የሚጀምረው ከአጫጫን ነው። አክስሉ መሐል ላይ በሆነ ትንሽ ተሳቢ ጭነቱ ወደ ኋላ ከበዛ መጎተቻው ወደ ላይ ይነሣና ተሳቢው በፍጥነት ላይ ጅራቱን መወዝወዝ ይጀምራል፤ ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ 10 እስከ 15 ያህሉ በመጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት። በትልቁ ደግሞ ወሳኙ የአየር ፍሬን ነው። ከጎታቹ ወደ ተሳቢው ሁለት ቱቦ ይሄዳል፤ አንዱ አየር ይሞላል፣ ሌላው ሹፌሩ ሲረግጥ ትእዛዝ ያደርሳል። የሚሞላው ቱቦ ቢበጠስ የተሳቢው ፍሬን በራሱ ይይዛል፤ ሲሠራ ነው ታዲያ። የሚያፈስ ቱቦ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ወይም የተሳቢውን ፍሬን አዘግቶ ቁልቁለት መውረድ ሹፌርነት ሳይሆን ቁማር ነው። ወደ ኋላ መሄድ ላይ ከፊል ተሳቢ ይሻላል፤ አንድ ቦታ ብቻ ይታጠፋል። ሙሉው ተሳቢ ሁለት ቦታ ስለሚታጠፍ በጠባብ ግቢ ውስጥ ልምድ ያለውን ሹፌርም ያስወርዳል፤ ብዙዎች ፈትተው መግፋቱን ይመርጣሉ።

የመቂና የዓለም ጤና ከተሞች አካባቢ አፈር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። እሳተ ገሞራ የተወው ቀላል፣ አሸዋማ አፈር በበጋ ይቦናል፤ ከአስፋልቱ የወጣ ጭነት የሞላ ተሳቢ ደረቅ መሬት ላይም ሊሰምጥ ይችላል። መቂ ባለችበት በዱግዳ ወረዳ ሽንኩርትና ቲማቲም ከማሳ የሚያወጡት በአብዛኛው ትንንሽ መኪኖች የሆኑት አለምክንያት አይደለም። ለእርዳታ ሥራም ትምህርቱ ያው ነው፤ ትልቁ ተሳቢ እስከ ዋናው መንገድ፣ ከዚያ ወዲያ ትንሹ።

የእርዳታ እህል ጉዞ ሰንሰለትም የተዘረጋው በዚሁ መልክ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ እህል አሰብ ወደብ ላይ ተከምሮ የቀረው በመኪና እጥረት ነበር። የመጠባበቂያ እህል መጋዘኖች አዳማ (ናዝሬት)፣ ሻሸመኔ፣ ኮምቦልቻና ድሬዳዋን በመሳሰሉ ከተሞች መቀመጣቸው ረጅሙን መንገድ በከባድ ተሳቢ፣ አጭሩን በትንሽ መኪና ለመከፋፈል ያስችላል። በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው ከብቱ ባለቀበት ድርቅ ደግሞ ወደ ደቡብ ከተጫነው አንዱ የታሰረ ድርቆሽ ነበር። ድርቆሽ ሳይከብድ ቦታ ይሞላል፤ ተሳቢው የክብደት ልኩ ላይ ሳይደርስ ከፍታው ያልቃል፣ ንፋስም ይገፋዋል። ሸራና ገመድ እዚህ ላይ ከፈረስ ጉልበት እኩል ዋጋ አላቸው።

ሰውን በተሳቢ ቤት ማስጠለል ሌላ ነገር ነው። ትልቁ ሙከራ በአሜሪካ ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ በ2005 እ.ኤ.አ. ኒው ኦርሊንስንና የባሕሩን ዳርቻ ከመታ በኋላ የተደረገው ነው። የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ፌማ 145,000 ገደማ ተጎታችና ተንቀሳቃሽ ቤቶች ገዛ። ወደ 10,000 የሚጠጉት አርካንሶ ውስጥ ሆፕ በተባለች ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ ቆመው ቀሩ፤ ጎርፍ በሚያጠቃው ሜዳ ላይ እንዳይተከሉ ደንብ ይከለክል ነበርና። ሰው የገባባቸው ብዙዎቹ ደግሞ ከተጨመቀ እንጨት የተሠሩ ስለነበሩ ፎርማልዲሃይድ የተባለ ጋዝ ያወጡ ነበር። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል 519 ቤቶችን መርምሮ ከተለመደው የቤት አየር የበለጠ መጠን አገኘ። ጋዙ ሙቀት ሲጨምር ይጨምራል፤ የመተሐራን ፀሐይ ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለኢትዮጵያም ተመሳሳይ ፈተና መተሐራ ባለችበት በምሥራቅ ሸዋ መጣ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የፈንታሌና የአዋሽ አካባቢ ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ አስተናገደ፤ በታኅሣሥ መጨረሻ መጠኑ ከ5 አለፈ፣ መሬትም ተሰነጠቀ። በኦሮሚያም በአፋርም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ወጣ። ለዚህን ያህል ሕዝብ ባለጎማ ቤት ማሰብ ከንቱ ነው። አንድ የፌማ ዓይነት ተጎታች ቤት 22 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ ዓለም አቀፉ የመጠለያ መለኪያ ለአንድ ሰው 3.5 ካሬ ሜትር ስለሚል ስድስት ሰው ይይዛል። አንድ ጎታች ያንን አንድ ቤት ስቦ በሚሄድበት ጉዞ በመቶ የሚቆጠር ድንኳን ማድረስ ይችላል። ቤቱ ከደረሰ በኋላም ደልዳላ መሬት፣ ውሃ፣ መብራትና የቆሻሻ መውረጃ ይፈልጋል። ከብቱን ይዞ የወጣ አርብቶ አደር ደግሞ ከከብቱ ርቆ የብረት ሳጥን ውስጥ አይገባም።

ይሁን እንጂ ተሳቢ ከመጠለያ ሰፈር ይቅር ማለት አይደለም። ሰው በድንኳን ወይም በእንጨትና በጭቃ ቤት ሲኖር፣ በየቤቱ ሊከፋፈል የማይችለው አገልግሎት በጎማ ላይ ቢሆን ይመረጣል፦ ክሊኒክ፣ የመድኃኒት ማቀዝቀዣ ከነጄኔሬተሩ፣ የውሃ ማጣሪያ፣ የምዝገባ ቢሮ። ሰፈሩ ሲዛወር አብረው ይዛወራሉ። ውሃ ላይ በተለይ፣ ቦቴው ራሱ ቆሞ ጄሪካን ሲቀዳ ከሚውል ወደ ሮቶ ወይም ወደ ተሳቢ ታንክ ገልብጦ ቢመለስ በቀን የሚያደርገው ምልልስ ይጨምራል።

ለወራት የሚቆም ተሳቢ እንክብካቤው ከሚጓዘው ይለያል። የማቆሚያ እግሮቹ የሚያርፉበት ወፍራም ጣውላ ያስፈልገዋል፤ አለበለዚያ በመጀመሪያው ዝናብ ይሰምጥና ጎታች ሲመጣ ከፍታው አይገጥምም። ጎማዎቹ ከሁለቱም ወገን በታኮ ይያዛሉ። ከአክስሉ በታች ድጋፍ ገብቶ ክብደቱ ከጎማው ካልተነሣ ጎማው ባረፈበት በኩል ይጠፈጠፋል፤ ፀሐይ የሚያየው ጎንም ይሰነጣጠቃል። እንደገና ከመጎተቱ በፊት ከአየር ጋኑ ውሃ ይፈስሳል፣ ኩሽኔታው ግራሶ ይቀባል፣ ዝገት የያዘው ፍሬን በዝግታ እየተነዳ ይሞከራል።